የበግ ጠጉር ክዳን

ትሰማዋለህ? መብራት በጠፋ ቁጥር ከክፍሌ ሥር ያለው ፀጉር ቤት ጀኔሬተሩን ያስነሣል። መጀመሪያ ደህና ይሄዳል። ከዚያ መቆራረጥ ይጀምራል፤ በወጉ ይመታ ይመታና አንዷን ምት ይውጣታል፣ ደግሞ ይመታና ሁለቱን ይውጣል። የናፍጣው ሽታ በመስኮቱ ሽቅብ ይመጣል። ያን ጊዜ የያዝኩትን ትቼ እቆማለሁ። ጆሮዬ የተዋጠችውን ምት ትጠብቃለች፣ እጄ የሚነቀል ነገር ትፈልጋለች። ከታች የፀጉር ቤቱ ልጅ ጀኔሬተሩን ይሳደባል፤ እኔ የምሰማው ግን የወንድሜን ስድብ ነው።

ወንድሜ ሹፌር ነበር። ከመሐል ሜዳ ገብስና በግ፣ ከላይም ሰው ጭና ወደ ደብረ ብርሃን የምትወርድ፣ ስትመለስ ጨው፣ ስኳርና ቆርቆሮ የምታመጣ አሮጌ የናፍጣ መኪና ይነዳ ነበር። መኪናዋ የእሱ አልነበረችም። ባለቤቷ ትልቁ ሱቅ ያላቸው ሰውዬ ነበሩ። "ነጋዴ" የሚለው ስም ቀርቶ "ባለሀብት" መባል የተጀመረበት ዘመን ነበርና፣ በወረዳው ስብሰባ ላይ ባለሀብቱ እየተባሉ የፊት ወንበር ይሰጣቸው ነበር። እናቴ "ስማቸው ከተለወጠ ወዲህ አንገታቸው ወፈረ" ትል ነበር።

እኔና ወንድሜ አንዋደድም ነበር። ትንሽ ተኳርፈን ነበር ማለቴ አይደለም። ድምፁን ስሰማ ጥርሴ ይፋጭ ነበር። አባታችን ሲሞት እሱ ትምህርቱን ጥሎ መሪ ጨበጠ፤ እኔ እንድማር። እኔ ደግሞ ተምሬ ተምሬ አሥረኛ ክፍል ላይ ወደቅሁና ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ተደግፌ ግጥም የምገጥም ሰው ሆንኩ። "ቤት ከምትመታ ቤት ብትሠራ ምን ነበረበት?" ይለኛል በሰው ፊት። ሰው ይስቃል። እሱ የሚያድረው መኪናዋ ውስጥ ነበር፤ እናታችንን ብቅ ብሎ የሚያያት አልፎ አልፎ ነው። እኔም ይህንኑ ይዤ ሁለት ስንኝ ጠላ ቤት ለቀቅሁበት፦

በስድስት ጎማ አገር የሚያዳርሰው፣
ከቤቱ ሲደርስ ነው እግር የሚያንሰው።

ብዙም ሳይቆይ የሰፈር ልጆች መኪናዋን እየተከተሉ ይሉት ጀመር። አንድ ቀን መኪናዋን አቁሞ ወረደና በጥፊ አጮለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ "ጋሼ" ነበር የምለው። ከዚያ ወዲህ አንተ ብቻ ሆነ።

የናፍጣ ታንኩ ክዳን ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ተሰረቀ። ወንድሜ በቦታው ጨርቅ ወሸቀ። አንድ ጊዜ ደጃችን አቁሟት ሳለ እናቴ ወጥታ አየችና "ምነው ይቺን ምስኪን አፏን ቡትቶ አጎረስካት?" አለችው። መልሱን ሳትጠብቅ ገባችና ከግድግዳው ላይ እንዝርቷን አወረደች። እኔና እሱ ባንነጋገርም ተያየን፤ እንዝርቱ ከተሰቀለ ብዙ ቆይቶ ነበር። ሲመለስ ክዳኑ ተሠርቶ ጠበቀው። የበግ ጠጉር ነው፤ ተፈትሎ፣ እርስ በርሱ ተጠምጥሞ፣ በሙቅ ውሃ ታሽቶ ታሽቶ እንደ ድንጋይ የጠነከረ። በዚያ ላይ ከቤተ ክርስቲያን የለቀመችውን የጧፍ ቁራጭ አቅልጣ በሰሙ ነክራዋለች። "ይኼ ውሃ አይጠጣም" አለች። ወንድሜ ታንኩ አፍ ላይ ገጠመው፤ ልክክ አለ። በጣቱ መታ መታ አደረገና "የጠርሙስ ቡሽ እንኳ እንዲህ አይገጥምም፣ እማዬ" አላት። እናቴ እንደ ልጃገረድ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

በዚያው ሰሞን ባለሀብቱ ናፍጣ በበርሜል እያስመጡ መጋዘናቸው ማስቀመጥ ጀመሩ። ከበርሜሉ እየቀዳ የሚሞላው ወንድሜ ነበር። በዚያው ሰሞን መኪናዋ ታመመች።

ስትነሣ ምንም የለባትም። ሞላሌ ሳትደርስ መቆራረጥ ትጀምራለች፤ ነጭ ጭስ ትተፋለች፤ ዳገት ላይ ጉልበቷ ያልቅና መሐል መንገድ ላይ ጸጥ ትላለች። ናፍጣ አልቆባት ቢሆን ደግ፤ እንዲያውም ታንኩ ሙሉ ሲሆን ይብስባት ነበር። ከጭነቱ ላይ የተቀመጠ ሰው በብርድ ይንቀጠቀጣል፣ በጎቹ ይጮኻሉ፣ ወሬው ከመኪናዋ ቀድሞ መሐል ሜዳ ይገባል።

ባለሀብቱ አስጠሩኝ። ሱቃቸው ውስጥ ከስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጠው ቁልቁል አዩኝ።

"ዓይንህ ስለታም ነው አሉኝ።"

"ማን ነው ያለው?"

"ግጥሙን የሰማ ሁሉ። ወንድምህ ናፍጣዬን እየሸጠ በላምባ ነው የሚሞላው። ላምባ የጠጣ ሞተር ደግሞ እንዲህ ነው የሚሆነው። አብረኸው ትሄዳለህ። በቆመ ቁጥር ትለካለህ። ከጎደለ ትነግረኛለህ።" ምልክት የተቀረጸበት ዱላ ሰጡኝ።

እሺ ያልኩት ከዚያች ከተማ የሚያስወጣኝን ማንኛውንም ነገር እሺ የምልበት ዕድሜ ላይ ስለነበርኩ ነው። ደግሞም ወንድሜ ሌባ ሆኖ ቢገኝ ደስ የሚለኝ ይመስለኝ ነበር።

ዱላውን ይዤ ጋቢና ስገባ ወንድሜ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ እጅ ነሣኝ። "ዐቃቤ ሕጉ መጡ! ይቀመጡ እንጂ፣ ይቀመጡ!" በእኔ በኩል ያለው መስኮት አይዘጋም ነበር። የመንዝ ንፋስ ፊቴን እየላጠኝ፣ እሱ ከእኔ ጋር ሳይሆን ከመኪናዋ ጋር እያወራ ወረድን። "ቻይው እቱ" ይላታል መሪውን እየዳበሰ፤ "ከጎንሽ ጅብ አስቀምጠውብሽ እንዴት ደህና ትሆኚ።"

እንደተባለው ከሞላሌ ወዲህ ማዶ መቆራረጥ ጀመረች። ወንድሜ ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ፍሪሲዮን ረገጠ፣ ማርሽ ቀነሰ፣ ለመናት፣ ሰደባት። ቆመች። ወርዶ ኮፈኖውን ከፈተ። ከማጣሪያው ላይ አንዲት ብሎን አላላና በእጅ የሚገፋውን ትንሽ ፓምፕ ይገፋ ጀመር። በብሎኑ ሥር ናፍጣው አረፋ እያወጣ ተንፈቀፈቀ። "አየር ገብቶባታል" አለ ለራሱ። እሱ አየሩን ሲያስወጣ እኔ ዱላዬን ይዤ ወደ ታንኩ ሄድኩ። ክዳኑን እያሽከረከርኩ ነቀልኩት፣ ዱላውን ነከርኩ፣ ምልክቱን አየሁ፣ መልሼ ከደንኩ።

"ጎድሏል?" አለኝ ከኮፈኖው ሥር።

"አልጎደለም።"

"ወይ አምላኬ፣ ዛሬም ከወህኒ ተረፍኩ!"

ብሎኑን አጠበቀ፣ ገባ፣ አስነሣት። እንደ አዲስ ሄደች። የላይኞቹ አጨበጨቡለት። ጥቂት ከሄድን በኋላ እንደገና ቆመች፤ እንደገና እሱ አስተነፈሰ፣ እኔ ለካሁ፣ እንደገና ተነሣች። ስንት ጊዜ እንዲህ ተመላለስን! እሱ ሲፈታ እኔ ስለካ፣ እሱ ሲያጠብቅ እኔ ስከድን፤ አንድ ላይ እንደሚሠሩ ሁለት ጠላቶች።

ባለሀብቱ መኪናዋን ለመካኒኩ አሳዩዋት። መካኒኩ በባሕር ዛፍ አጥር የተከለለች ግቢ ውስጥ የሚሠራ፣ እጁ የማይታማ ሰው ነበር። ወንድሜን ግን ዓይኑን ማየት አይወድም። አንድ ጊዜ አረቄ ቤት ውስጥ ተጣልተው ወንድሜ በሰው ፊት "ቀጥቃጭ" ብሎታል። በእኛ አገር ይህ ቃል ሥራን አይደለም የሚሰድበው፤ አያትን፣ ቅድመ አያትን ቆጥሮ ነው የሚሰድበው። መካኒኩ ያን ቃል አልረሳውም።

ግቢው ውስጥ ሞተሩን አስነሥቶ ናፍጣውን ለማየት ክዳኑን ነቀለና መከላከያው ላይ አስቀመጠው። በቱቦ ጥቂት ናፍጣ ሳበ። ከዚያ ወደ ሞተሩ ዞሮ፣ ናፍጣ ወደሚረጨው ወደ እያንዳንዱ ኖዝል የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ አንድ በአንድ እያላላ ያዳምጥ ጀመር። ሲያላላው ሞተሩ ከተንገዳገደ ያ ኖዝል ሲሠራ ነበር ማለት ነው፤ ቢያላላውም ድምፁ ካልተለወጠ ጥፋተኛው ተያዘ። ሁሉም ተንገዳገዱ። ሁሉም ጤነኛ ነበሩ። ብዙ ጊዜ ጠበቀ። ሞተሩ ሳይቆራረጥ፣ ሳያስነጥስ፣ ያለ እንከን ሲሠራ ቆየ።

መካኒኩ እጁን ጠረገ። "ሞተሩ ምንም የለበትም፣ ጌታዬ። ያመመው የሚያጠጡት ነገር ነው።" የሳበውን ናፍጣ አሸተተ፤ ደግሞ አሸተተ። "ላምባ ላምባ ይላል።"

"አፍንጫህ ደግሞ ከከሰል ሌላ ሽታ መቼ ያውቃል?" አለ ወንድሜ።

መካኒኩ የወረወረው የእንግሊዝ ቁልፍ በወንድሜ ጆሮ ጥግ አልፎ አጥሩ ላይ ተሰካ። ባለሀብቱ መሐላቸው ገቡ፤ ለማስታረቅ ግን አልነበረም።

"ስማኝ" አሉ ወንድሜን። "በዚህ ጉዞ ከቆመች፣ ላምባ ነው፤ ቁልፌን አስቀምጠህ ትሄዳለህ።"

"ካልቆመችስ?"

"ካልቆመችማ ፈርተህ ትተኸዋል ማለት ነው። ያኔም ትሄዳለህ።"

"ታዲያ ምን ብሆን ነው ንጹሕ የምሆነው?"

"እሱን አንተ ታውቃለህ።"

ወንድሜ ከመሪው በቀር የሚያውቀው ሥራ አልነበረውም። በናፍጣ ሌባ ስሙ የተነሣን ሹፌር ደግሞ ከመሐል ሜዳ እስከ ደብረ ብርሃን ማንም መኪናውን አያስነካውም። ምክንያቱን እሱ ራሱ ካላገኘው በቀር ማንም እንደማይፈልግለት ያን ቀን ገባው።

ጭነን ወጣን። ጉም ወርዶ ነበር፤ ቀን ቢሆንም የመንገዱ ዳርና ዳር አይለይም። የገብሱ ማሳ እየታየ ይጠፋል። ወንድሜ መስታወቱን አውርዶ ራሱን አውጥቶ ነበር የሚነዳው፤ መንገዱን ለማየት ሳይሆን ሞተሩን ለመስማት። ሞላሌን ካለፍን በኋላ የመጀመሪያዋ ምት ተዋጠች። እኔም ሰማኋት። ቀና ብሎ አላየኝም። ሁለተኛዋ ተዋጠች። ጭሱ ከጉሙ ጋር ተቀላቀለ። ቆመች።

ዱላዬን ይዤ ስወርድ ከኋላዬ መጥቶ ነጠቀኝ። ጉልበቱ ላይ ሰበረውና ስብርባሪውን ማሳው ውስጥ ወረወረው። "ለሰውዬህ ንገር፤ ዱላህን በላው በል!"

"ፈርተህ ነው" አልኩት።

"ከእኔ ታንክ ራቅ፣ አንተ ውሻ።"

ራቅሁ። እሱ ብሎኑን አላላ፣ ገፋ፣ አስተነፈሰ፣ አጠበቀ። አልተነሣችም። እንደገና አስተነፈሰ። አልተነሣችም። የላይኞቹ ወርደው ማጉረምረም ጀመሩ። አንድ የበግ ነጋዴ ሽማግሌ "በእግሬ ብመጣ ኖሮ እስካሁን በጎቼን ሸጬ ተመልሼ ነበር" አሉ። ሌላው ወንድሜን "ዛሬስ ምን ነካት፤ ሌላ ጊዜ እንኳ አንዴ ስትነካካት ትነሣ ነበር" አለው። የወንድሜ ጣቶች በናፍጣና በብርድ ቀልተው አብጠዋል። ማስነሻው እየቆየ ድምፁ እየሞተ ነበር፤ ባትሪው ሊያልቅ ነው።

ዱላ ባይኖረኝ አፍንጫ አለኝ አልኩ። ላምባውን አሽትቼ እዚያው በሰው ፊት ላወጣው ፈለግሁ። ወደ ታንኩ ዞርኩና ክዳኑን ያዝኩ። አልነቀልም አለኝ። አሽከረከርኩት። በሁለት እጄ ያዝኩና እግሬን አስደግፌ ጎተትኩ። ሲወጣ ታንኩ ረጅም አየር ሳበ፤ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ብቅ ያለ ሰው እንደሚስበው ያለ።

ኮፈኖው ሥር የወንድሜ እጅ ቆመ።

"ምንድን ነው ያ?"

"ምንም። ክዳኑ ነው።"

"ምን አደረግኸው?"

"ነቀልኩት።"

መጣ። ከጥፊው ቀን ወዲህ ስድብ ሳይቀላቅል ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር። ክዳኑን አየ፣ ታንኩን አየ፣ እኔን አየኝ። "ሁልጊዜ ስትለካ እንዲህ ያለ ድምፅ አለው?"

አሰብኩ። "አለው። ግን አንተ ስትገፋ፣ በጎቹም ሲጮኹ... አለው።"

ሮጦ ገባና ማስነሻውን ነካ። ባትሪው የቀረችውን አቅም ሰጠው። ተነሣች። ሁሉም እንደገና ጭነቱ ላይ ሲወጡ "ክደነው" አለኝ። ከደንኩት። ሄድን። አንዳችንም አልተነፈስንም። መንገዱ ወደ ዳገት ሲያነሣ ምቷ ተዋጠች፤ ደግሞ ተዋጠች። ወንድሜ መኪናዋን ወደ ዳር አውጥቶ "ንቀለው!" ብሎ ጮኸ። ዘልዬ ወርጄ ነቀልኩት። ያ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ሊጠፋ የተቃረበው ሞተር አንዷን ምት አገኘ፣ ሁለተኛዋን አገኘ፣ ከዚያ ሁሉንም ለቅሞ ሰበሰበ።

ወንድሜ መሪውን በሁለት እጁ እየደበደበ ሳቀ። "አየር ገባባት ስንል ከረምን! አየር ነው ያጣችው! ናፍጣው ሲወጣ በቦታው የሚገባ አየር አጥታ ነው የታነቀችው!" እኔም ሳቅሁ። ለካ ሁልጊዜ ያስነሣት የእሱ ጥበብ አልነበረም፤ የእኔ ጥርጣሬ ነበር። ሌባ ላደርገው በከፈትኩ ቁጥር አዳንኳት። መካኒኩም ግቢው ውስጥ ሕመሟን ያላገኘው ክዳኑን ነቅሎ መከላከያው ላይ ስላስቀመጠው ነው።

ከዚያ እጄ ላይ ያለውን አየ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ወረደ።

እንዝርቱ ለምን እንደተሰቀለ ልንገርህ። አባታችን ዘመሮ ገበያ የሄደው እናቴ ፈትላ ያሠራችለትን አዲስ የበግ ጠጉር ባና ለብሶ ነበር። መንገድ ላይ ዝናብ ያዘው። ባናው ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከበደ፤ አባቴ ደግሞ አዲስ ነው ብሎ አልጥል አለ። በብርድ ደርቆ ገባ፤ ከዚያ ሳል፣ ከዚያ ውጋት፣ ከዚያ አልተነሣም። ጎረቤት ሁሉ የእግዜር ጥሪ ነው ቢላትም እናቴ አልሰማችም። "የገደለው የእኔ ፈትል ነው፤ እጄ ደግ አይደለም" ብላ እንዝርቷን ሰቀለች። ከዚያ ወዲህ በእጇ የሠራችው የመጀመሪያው ነገር ይህ ክዳን ነበር። በሰም የነከረችውም ለዚህ ነው። ይኼኛው ውሃ አይጠጣም።

"እማዬ እንዳትሰማ" አለ ወንድሜ።

"ለሰውዬውስ?"

"ለሰውዬው ከተነገረ ለእሷም ተነገረ። የመሐል ሜዳን አፍ አታውቀውም?"

"ያባርሩሃል።"

"ያባርሩኝ።"

"እብድ ነህ።"

"አንተ ደግሞ ቤት ስትመታ የምትኖር፣ ሰው የሚባል ነገር አታውቅም።" እንደገና ጠላቶች ሆንን። ከመቀመጫው ሥር የጆንያ መስፊያውን መርፌ አወጣና ክዳኑን በጎኑ በኩል፣ በቀላሉ በማይታይበት ቦታ፣ አሳልፎ ወጋው። መርፌውን ጥቂት አዟዟረው። አፉ ላይ አድርጎ ነፋበት፤ አየሩ አለፈ። "እሷ ስትዳብሰው ያው ራሱ ይሆናል" አለ። እውነቱን ነው፤ እናቴ መኪናዋ ደጃችን በቆመች ቁጥር ሳትዳብሰው አታልፍም ነበር።

ደብረ ብርሃን ወረድን፣ ጭነን ወጣን፤ አንዲት ምት አልተዋጠችም።

ባለሀብቱ ትከሻዬን መቱኝ። "ጎበዝ! ዓይን ካለበት ቦታ ሌባ እጁን ይሰበስባል። አላልኩም?" ሊያባርሩት መሆናቸውን ከፊታቸው አየሁ፤ አላስቻለኝም። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ክዳኑን፣ ሰሙን፣ ትንፋሹን። ስጨርስ መካኒኩን አስጠርተው መኪናዋ ዘንድ ይዘውኝ ሄዱ። ሰው ተሰበሰበ።

መካኒኩ ክዳኑን ነቀለ፣ አገላበጠ፣ ከከንፈሩ ጋር አጣብቆ ነፋበት። አየሩ በሌላው በኩል ወጣ፤ በደቀነው መዳፉ ላይ ተሰማው።

"ይቺ ናት ትንፋሽ የነሣችው? ከእኔ ይልቅ ትተነፍሳለች እኮ!"

ሰው በሳቅ ፈረሰ።

"በመርፌ ወግቶት ነው!" አልኩ። "መንገድ ላይ ወጋው፣ አይቻለሁ!"

"ኧረ? እሱም በግጥም ውስጥ አለ?" አለኝ መካኒኩ።

ባለሀብቱ አልሳቁም። "ወንድምህን እንድትጠብቅልኝ ላክሁህ፤ አንተ የእሱን ገመና በእናትህ ፈትል ልትሸፍን መጣህ" አሉኝ።

ዞር ስል ወንድሜ ከኋላዬ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም። የእናታችን ሥራ በመካኒኩ አፍ ውስጥ ሆኖ ነው የደረሰው። ይመታዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ ሁሉም ጠበቀ። ሄደና ክዳኑን ከእጁ ወሰደ። ደረቱ ላይ ጠረገው። ታንኩ አፍ ላይ መልሶ ገጠመው፣ ልክክ እስኪል አዟዟረው። ከዚያ የመኪናዋን ቁልፍ ኮፈኖው ላይ አስቀመጠ።  በአጠገቤ ሲያልፍ ለእኔ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ "እናቴን ጋራዥ አወጣሃት" አለኝ።

ያ ሁሉ የሳቀ ሰው ወሬውን እናቴ ጆሮ ሳያደርስ መቅረቱ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ሌባ የሚለው ወሬ ቀሎ ስለተገኘ ይሆናል፤ እሱን ደግሞ ፊቷ ላይ የሚነግራት ደፋር አልነበረም።

ወንድሜ ቤት ገባ። ለእናቴ "ተውኩት፤ ሰለቸኝ" አላት።

"ሰለቸኝ?" አለች። "ሥራ ይሰለቻል? አባትህ አፈር ሲገፋ ሰለቸኝ ብሎ ያውቃል? የእንጀራህን ገመድ በእጅህ በጥሰህ ትመጣለህ?" በነጋ በጠባ ትጠዘጥዘው ጀመር። ይህ ሰነፍ፣ ይህ ልበ ቢስ፣ ይህ ጎልማሳ ጎታታ። እሱ ውሃ ይቀዳል፣ አጥር ያጥራል፣ ለሰው ድንጋይ ይፈልጣል፤ አንድም ቀን አልመለሰላትም። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ እሰማለሁ፤ አንድ ነገር ልናገር ባሰብኩ ቁጥር በዓይኑ ይይዘኛል።

አንድ ቀን ምሳ ቀርቦ ሳለ ውጭ የመኪናዋ ድምፅ ተሰማ። አዲሱ ሹፌር ሰው ሊያወርድ ከደጃችን ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆሞ ነበር። ወንድሜ ጉርሻውን ይዞ ቀረ፤ ዓይኑ ባይንቀሳቀስም ጆሮው ውጭ ነበር። እኔም አዳመጥኩ። ሳይቆራረጥ፣ በወጉ፣ ሁሉንም ምት ይመታል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። መኪናዋ ስትሄድ ተመለሰች፤ ፊቷ በርቶ ነበር።

"አለች!" አለች። "ክዳኔ አለች! በእጄ ነካኋት። ዝናቡም ፀሐዩም ምንም አላደረጋት። ሹፌሩን ጠየቅሁት፤ መኪናዋ እንዴት ናት አልኩት። እንደሷ ያለ ጤነኛ መኪና ነድቼ አላውቅም አለኝ።" ተቀመጠች። እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ የሌላ ሰው እጆች ይመስል። "እንግዲህ እጄ ክፉ አልነበረም ማለት ነው" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ድንገት ወንድሜን ቀና ብላ አየችው፤ ቁጣዋ ተመለሰ። "አየህ? አንተ ጥለሃት መጣህ፤ የእኔ ሥራ ግን ይኸው ሳይሰለቸው አብሯት ይዞራል። ከአንተስ እሱ ተሻለ!"

አፌን ከፈትኩ። በእውነት ልናገር ነበር።

ወንድሜ ጉርሻውን ዋጠ። "እውነትሽን ነው፣ እማዬ" አላት። "እጅሽ ደግ እጅ ነው።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንተ ደግሞ አፍህን ዝጋ" አለኝ፤ "ንፋስ ይገባብሃል።"